ባቡሬ ዳገት ላይ እምቢ አለችኝ

እስቲ የሞዴል ባቡር የምትሠሩ ሰዎች፣ ቸግሮኛልና አንድ በሉኝ።

ያደግሁት ድሬዳዋ ነው፤ ሽመንደፈሩ ሲጮህ ሰዓት በምናውቅበት ሰፈር። አሁን ጀርመን ሆኜ ያንን የድሮ መስመር በ1፡87፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ አሳንሼ፣ እየሠራሁ ነው። የዋናው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ስለነበር የእኔው 12 ሚሊ ሜትር ነው። ጣቢያው አልቋል። የግድግዳውን ቀለም 3 ጊዜ ቀያየርኩት (ባለቤቴ አሁንም ሰናፍጭ ነው ትላለች)።

ያቃተኝ የአዋሽ ድልድይ ነው። ከሥሩ ሌላ መስመር ስለማሳልፍ ሐዲዱ 6 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ያለኝ ርዝመት ደግሞ 150 ሳንቲ ሜትር ብቻ። 4 በመቶ ዳገት ማለት ነው። መሀሉ ላይ ደግሞ ኩርባ አለው። ባቡሯ 2 ፉርጎ ይዛ ትወጣለች። ሦስተኛው ሲጨመር ኩርባው ላይ እግሯ እዚያው ይሽከረከራል፤ ንቅንቅ የለም።

ሐዲዱን በአልኮል ወለወልኩ። እንድትከብድ ሆዷ ውስጥ 20 ግራም የእርሳስ ብረት ጨመርኩ። ትንሽ ተሻላት፤ ግን ሞተሩ ይግላል። እንዳይቃጠል ፈራሁ።

አሁን የማስበው የታችኛውን መስመር 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ ነው። ዳገቱ ወደ 2.7 በመቶ ይወርዳል። ግን የ2 ወር ሥራ መንቀል ነው፣ ልቤ እምቢ አለ። ጎማ የለበሰ እግር ብቀይርላት ይበቃ ይሆን? ወይስ ከኋላ ሌላ ባቡር ትግፋት? የሞከረ ካለ፣ ከመንቀሌ በፊት ይንገረኝ።