አስቸኳይ፦ ፒኮቼ በአንድ ቤዝ ይለያያሉ፣ ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን?

ግልገል (ጠያቂ)፦
ወገኖች፣ እህታችሁን ድረሱላት። ነገ ጠዋት ለአማካሪዬ ውጤት አሳያለሁ። በፍየሎቼ ላይ የምለካው የማይክሮሳቴላይት ማርከር (መለያ የዲኤንኤ ቦታ) የሁለት ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ድግግሞሽ ነው፣ ስለዚህ አሊሎቹ (የዚያ ቦታ የተለያዩ ርዝመቶች) በሁለት በሁለት መዝለል ነበረባቸው። እኔ ጋ ግን 181፣ 182፣ 183፣ 184 እያለ ይደረደራል። አንዳንዱ ፒክ (ርዝመት ለኪው ማሽን የሚስለው ጉብታ) ደግሞ አናቱ ላይ ለሁለት ተሰንጥቋል። ማሽኑ ሳይበላሽ አይቀርም። ምን ላድርግ?

መምህሩ፦
መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። ማይክሮሳቴላይት ከ1 እስከ 6 ቤዝ የሚሆን አጭር ቅንጣት ተደጋግሞ የተደረደረበት የዲኤንኤ ክፍል ነው። ሲኤ ሲኤ ሲኤ እንደማለት። የድግግሞሹ ቁጥር ከእንስሳ እንስሳ፣ ከተክል ተክል ይለያያል። ዲኤንኤ ሲገለበጥ እዚህ ቦታ ላይ ይንሸራተታል፣ አንድ ድግግሞሽ ይጨምራል ወይ ይቀንሳል። ፒሲአር (ዲኤንኤን ቱቦ ውስጥ የማባዣ ዘዴ) ውስጥም ገልባጩ ኢንዛይም እንዲሁ ይንሸራተታል። ከዋናው ፒክ አጥሮ የሚታየው ትንሽ ፒክ፣ ስተተር የምንለው፣ የሚመጣው ከዚያ ነው። እሱን እንደ አሊል እንዳትቆጥሪው።

ግልገል፦
አመሰግናለሁ መምህር። ስተተሩን ለይቼዋለሁ፣ በሁለት ቤዝ ነው የሚያጥረው። የኔ ጣጣ የአንድ ቤዝ ነው።

ቀጥታ፦
የፒሲአሩን የመጨረሻ ኤክስቴንሽን (ኢንዛይሙ ቅጂውን የሚጨርስበትን ጊዜ) አርዝሚው። 72 ዲግሪ ላይ 45 ደቂቃ። በቃ።

ፒፔት፦
ማሽኑን ለምን ትወቅሺዋለሽ? የሳይዝ ስታንዳርዱን (ርዝመታቸው የታወቀ መለኪያ ቁርጥራጮችን) ክፈቺና እዪው። እስከ 500 የሚሄደውን ከሆነ የምትጠቀሚው፣ ያንቺ አሊሎች በ160 እና በ200 መለኪያዎች መካከል ነው የወደቁት። እነዚያ ሁለቱ ቀጥ ብለው፣ በሁሉም ናሙና ላይ በትክክለኛ ቁጥራቸው ከተቀመጡ ማሽኑ ጤነኛ ነው።

ግልገል፦
አየሁት። ሁሉም ቦታ ላይ ቀጥ ብለዋል። ታዲያ ምንድነው?

የማታ ተረኛ፦
ምርቃት ነዋ! ታክ ፖሊመሬዝ፣ ዲኤንኤውን የሚገለብጠው ኢንዛይም፣ እንደ ደግ ነጋዴ ነው። ሰፍሮ ሲጨርስ ጫፉ ላይ አንዲት አዴኒን (አንድ ቤዝ) መርቆ ይሰጣል። ችግሩ ጊዜ ካጠረው ለሁሉም አያዳርስም። የተመረቀለት 182 ይላል፣ ያልደረሰው 181 ላይ ይቀራል። ሁለቱም አንድ ቱቦ ውስጥ ሲገኙ ፒክሽ ይሰነጠቃል። ኤክስቴንሽኑን ስንት ደቂቃ ነበር ያደረግሽው?

ግልገል፦
5 ደቂቃ።

ቀጥታ፦
45 ብያለሁ።

አዲስ ዘዴ፦
ይቅርታ ግን፣ ለምን ማይክሮሳቴላይት? ኤስኤንፒ (በአንድ ቤዝ ብቻ የሚለያይ የዲኤንኤ ቦታ) ብትሠሪ ይህ ሁሉ የቤዝ ቆጠራ ባልመጣ ነበር። ከአንዱ ላብ ወደ ሌላው ለማወዳደርም ይቀላል።

ፒፔት፦
እውነት ነው፣ ግን ነገ ጠዋት አይደርስላትም። ደግሞ አንድ ሎከስ (የዲኤንኤ ቦታ) ላይ ብዙ አሊል ማግኘት ለዝምድና ጥናት ትልቅ ነገር ነው። ኤስኤንፒ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ሁለት አሊል ብቻ ነው፣ በቁጥር ብዛት ነው የሚያካክሰው።

የማታ ተረኛ፦
ግልገል፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። ናሙናዎቹን ሁሉ በአንድ ኢንዛይም ነው የሠራሻቸው?

ግልገል፦
አይ። 48 ፍየሎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹን 24 በታክ ሠራሁ። ሲያልቅብኝ ቀሪዎቹን 24 ጓደኛዬ በሰጠችኝ ሠራሁ፣ ስህተት የሚያርመው ዓይነት ነው። የተሰነጠቁት ሁሉም ከመጀመሪያዎቹ ናቸው። ለውጥ ያመጣል እንዴ?

የማታ ተረኛ፦
ያመጣል እንጂ! ስህተት አራሚው ጫፉን አስተካክሎ ነው የሚያወጣው፣ አዴኒን አይመርቅም። የመጀመሪያዎቹ 24 ከየትኛው መንጋ ናቸው?

ግልገል፦
ሁሉም ከመጀመሪያው መንጋ። ቀሪዎቹ ከሁለተኛው። ሁለቱ መንጋዎች በዘር በጣም ተራርቀው ስለወጡልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ልቤ ዝቅ አለ።

የማታ ተረኛ፦
አይዞሽ፣ አሁን መታወቁ ጥሩ ነው። አንዱ መንጋ 182 እና 184፣ ሌላው 181 እና 183 ካለ፣ ፕሮግራሙ የሚያየው ምንም የጋራ አሊል የሌላቸው ሁለት ሕዝቦችን ነው። የምታይው የኢንዛይም ልዩነት ነው። ቁጥሩ ላይ አንድ ደምረሽ ለማስተካከል አትሞክሪ፣ የተሰነጠቁት ያሳስቱሻል። ሁለተኛዎቹን 24 በታክ ድገሚ። የመጀመሪያዎቹ ቱቦዎች ካሉሽ ደግሞ መልሰሽ 72 ላይ 45 ደቂቃ አቆዪያቸው፣ ኢንዛይሙ ካልሞተ ያዳርሳል። ከዚህ በኋላ ሁለቱን መንጋ አንድ ፕሌት ላይ አቀላቅለሽ ጫኚ። ጥቂት ናሙናዎችም በየፕሌቱ ይደገሙ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ወዲያው ያጋልጣሉ።

መምህሩ፦
ሌላ ጊዜ ፕራይመር (ፒሲአሩን የሚያስጀምር አጭር ዲኤንኤ) ስታዝዢ በሪቨርሱ ፕራይመር 5 ፕራይም (መነሻ) ጫፍ ላይ ጂቲቲቲሲቲቲ የምትለዋን ጅራት አስጨምሪ። አዴኒኑ ሁሉም ላይ እንዲገባ ታደርጋለች። ከድጋሚው በኋላ ሄትሮዛይጎሶቹ (ሁለት የተለያየ አሊል ያላቸው) ከሚጠበቀው በታች ከሆኑ ደግሞ ኑል አሊልን ጠርጥሪ። ፕራይመሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሚውቴሽን ካለ አንዱ አሊል ጭራሽ አይወጣም፣ ፍየሏም ሆሞዛይጎስ (ሁለቱም አሊሏ አንድ ዓይነት) ትመስላለች።

ግልገል፦
ቱቦዎቹ ፍሪጅ ውስጥ አሉ። አሁኑኑ ልጭናቸው ነው። ለአማካሪዬም እውነቱን እነግራለሁ።

ቀጥታ፦
72 ዲግሪ። 45 ደቂቃ።

ችግኝ፦
እኔም ተክል ላይ ይኸው ገጥሞኛል። ግልገል፣ ድጋሚው ምን ወጣ? መንጋዎቹ ተቀራረቡ?