የአኜሊ ቴስታሮሳ፦ ክፍቱ የፋብሪካ መሆኑ በምን ይለያል?

ጋቢና፦
የፊያት ኩባንያ መሪ የነበረው ጂያኒ አኜሊ ይነዳት የነበረችው ብርማ ክፍት (ቋሚ ጣሪያ የሌላት) ፌራሪ ቴስታሮሳ የፋብሪካ ሥራ ናት ይባላል። ታዲያ ገበያ ላይ የምናያቸው ሌሎቹ ክፍቶች ምንድን ናቸው? ደግሞስ ሰውየው እግሩ ተጎድቶ ሳለ ፍሪሲዮን እንዴት ይረግጥ ነበር?

ካምቢዮ፦
አልረገጠም፤ ዘዴው እዚያው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በፈረንሳይ ሪቪዬራ ከከባድ መኪና ጋር ተጋጭቶ እግሩ ክፉኛ ተሰባብሮ ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1986 መኪናዋ ስትሠራለት የቫሌዮ (የፈረንሳይ መለዋወጫ አምራች) ኤሌክትሮኒክ ፍሪሲዮን ገባላት። ማርሹን በእጅ ያስገባል፣ ፍሪሲዮኑን መሣሪያው ይለቅለታል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ግን አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ብርማነቷም ያለ ምክንያት አይደለም፦ የብር ኬሚካዊ ምልክት "ኤጂ" (Ag) የአኜሊ (Agnelli) ስም መነሻ ሁለት ፊደላት ናቸው።

ክሪክ፦
ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ክፍቶች ኩፔ (ቋሚ ጣሪያ ያለው) ሆነው ተሠርተው በኋላ ጣሪያቸው የተቆረጠ ነው። የሻንሲ ቁጥሩ የኩፔው ስለሚሆን እሱ ብቻውን አይበቃም፤ የፌራሪ ክላሲኬን (አሮጌ ፌራሪዎችን የሚያረጋግጠው የራሱ የፌራሪ ክፍል) ሰርተፍኬት ጠይቅ። ከዚያ መኪናውን አንዱን ጥግ በክሪክ አንሳና በሩን ክፈት፣ ዝጋ። የበሩ ክፍተት ከተቀየረ ወይም በሩ ከነካካ፣ ጣሪያው ሲወጣ የቀረው ጥንካሬ በታችኛው ብረት አልተተካም ማለት ነው። የፊት መስታወቱ ማዕዘን ላይ ስንጥቅ ካለ አትግዛ፣ በቃ።

ቺንጋ፦
ክሪክ ስለ ቦዲው ጨርሶታል፤ ገንዘብ የሚበላው ግን ሞተሩ ነው። 4.9 ሊትር፣ 12 ሲሊንደር ጠፍጣፋ፣ 390 የፈረስ ጉልበት። የቫልቮላ ቺንጋው (ቫልቮላዎቹን ከሞተሩ ጋር እኩል የሚያስኬደው ቀበቶ) መኪናው ብዙ ባይነዳም በ5 ዓመት ገደማ ይቀየራል፤ ቀበቶው ጎማ ስለሆነ ቆሞም ያረጃል። ከተበጠሰ ቫልቮላው ፒስቶኑን ይመታል። ለዚህ ሥራ ሞተሩ ከነካምቢዮው ከኋላ ይወርዳል፣ ስለዚህ ከወረደ አይቀር የቺንጋ መወጠሪያውን ኩሽኔታ፣ የካም ዘይት ማኅተሞችንና የውኃ ቱቦዎችን አብረህ ቀይር። የቀድሞዎቹ ቴስታሮሳዎች ዲፈረንሻል ደካማ ነው፤ ቆመው ድንገት ፍሪሲዮን ለቀው በሚነሱ ሰዎች እጅ ይሰበራል።

ጋቢና፦
ካምቢዮው የት ነው ታዲያ?

ቺንጋ፦
ከሞተሩ ሥር። ለዚህ ነው የሞተሩ ክብደት ከፍ ብሎ የተቀመጠው፤ ኩርባ መሐል ነዳጅ በድንገት ከለቀቅህ ኋላው ይዞርብሃል።