በዓሉን ማን ያስታውሳል?

ጠያቂ (ደሴ)፦ የጃንሆይ 80ኛ ልደት ሐምሌ 16 ቀን 1964 ተከበረ፤ በቀጣዩ ዓመት ወሎ በረሃብ አለቀ። መስከረም 1977 አዲስ አበባ ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት ስትደምቅ ኮረም መጠለያ ሰው ይረግፍ ነበር። እናቴ ሁለቱንም በዓላት አታውቃቸውም፤ ዘመን የምትቆጥረው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው። እናንተ ቤትስ?

መልስ 1፦ አባቴ ግን የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ሰልፍ ነው የሚያስታውሰው። መፈክሩን እስከ ዛሬ በቃሉ ይወጣዋል፣ ስለ ድርቁ ስጠይቀው ወሬ ይቀይራል።

መልስ 2፦ የወሎው ንጉሥ ሚካኤልስ? ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ጦርነት ላይ ተሸነፉ፤ ለተሸናፊ ማን በዓል ያደርጋል! ደግነቱ ግብር ሊያበሉበት ደሴ ላይ ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ አለ።

ጠያቂ፦ አዳራሹ ግብሩን እንጂ ገባሩን አያሳይም፣ ወንድሜ። መልስ 1፣ እስቲ አባትህን ሰልፉ ላይ ምን አስይዘዋቸው እንደነበር ጠይቅልኝ።