ክለቡ ፊርማው ሊደርስ ሲል ወደ ኋላ አለ፤ ምን እናድርግ? (ቤዝቦል፣ ዶሚኒካን)

የልጁ አክስት
ሰላም ለሁላችሁ። በጣም አስቸኳይ ነው፤ ስለ ቤዝቦል የምታውቁ እባካችሁ ተባበሩን። የባለቤቴ የእህት ልጅ ሳን ፔድሮ ዴ ማኮሪስ ነው ያለው። ሾርትስቶፕ ነው (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መሃል የሚቆመው ተከላካይ)። አንድ የሜጀር ሊግ (የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ) ክለብ ልጁ ገና 13 ዓመቱ እያለ 350,000 ዶላር እንሰጠዋለን ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 15 ሊፈርም ነው ተብሎ ዘመድ ሁሉ ተጠርቷል። ትናንት ማታ ክለቡ ለቡስኮኑ ደውሎ «ወይ 80,000፣ ወይ የሚመጣው ዓመት» አለው። ቡስኮኑ እንጠብቅ ይላል። እናቱ ስታለቅስ አደረች። ክለቡን ማስገደድ ይቻላል?

ግማሽ ተጫዋች
ቡስኮን ምንድነው? የምግብ ስም መስሎኝ ነበር 😂

ሦስተኛ ቤዝ
ደላላም አሰልጣኝም ነው። ልጁን በልጅነቱ ይወስደዋል፣ ያሠለጥነዋል፣ ብዙ ጊዜ ቤቱ ያኖረዋል፣ ለስካውቶች፣ ማለት ለክለብ መልማዮች፣ ያሳየዋል። ሲፈረም ከገንዘቡ ድርሻውን ያነሳል። 30 በመቶ የሚወስድ ሞልቷል።
እህቴ፣ ዋናውን አልነገርሽንም። ልደቱ መቼ ነው? ክለቡ የሕክምና ምርመራ አድርጎለታል?

ፍትሕ ለሁሉም
ክሰሷቸው! ቃል የእምነት ዕዳ ነው። ምስክር ካለ ጠበቃ ያዙና ፍርድ ቤት ሂዱ። ሜጀር ሊግ ሳንቶ ዶሚንጎ ቢሮ አለው፤ እዚያም አቤት በሉ።

የማይዋጥ እውነት
የምን ክስ ነው? ክለቡ ምን አፈረሰ? ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው ስምምነት ማድረግ በሊጉ ሕግ ራሱ አይፈቀድም። ሁሉም ያደርገዋል፣ ሁሉም ያውቀዋል፤ ግን ወረቀት የለም። ላም አለኝ በሰማይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ልጁ ትምህርት ላይ ነው ወይስ አቋርጧል?

የልጁ አክስት
ወንድሜ፣ ስለ ትምህርቱ አልጠየቅኩም። ጊዜ የለንም!!

የድሮ ሰው
ነገሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። ኦዚ ቨርጂል በ1956 ለጃይንትስ ሲጫወት በሜጀር ሊግ የመጀመሪያው ዶሚኒካዊ ሆነ። ከዚያ ክለቦች ወደ ደሴቷ ጎረፉ። ዶጀርስ በ1987 ካምፖ ላስ ፓልማስ የሚባለውን አካዳሚ ከፈተ። ዛሬ 30ውም ክለቦች እዚያ አካዳሚ አላቸው። ለምን ቢባል፣ የአሜሪካ ልጅ በድራፍት ነው የሚገባው፣ ክለቦች በተራ እየመረጡ፤ የዶሚኒካንና የቬኔዝዌላ ልጅ ግን ድራፍት ስለማይመለከተው ቀድሞ የደረሰ ይይዘዋል። ስለዚህ ሽሚያው ወደ 14፣ ወደ 13፣ ወደ 12 ዓመት ወረደ። በ2022 ሊጉ ዓለም አቀፍ ድራፍት ይኑር ብሎ ነበር፤ የተጫዋቾች ማኅበሩ አልቀበልም አለ። ይህንን ስንመረምር...

ግማሽ ተጫዋች
ጋሼ፣ ፊርማው ሐሙስ ነው፤ 1956 ላይ ቆመው ቀሩ እኮ 😂

ሰማያዊ ኮፍያ
ይሄ ነገር አዲስ አይደለም። ባለፈው ዓመት ጃፓናዊው ሮኪ ሳሳኪ ሊፈርም ሲል ስንቱ ልጅ ተንጠልጥሎ እንደነበር ታስታውሳላችሁ? ሳሳኪ ገና 25 ስላልሞላው በታዳጊዎች ሕግ ነው የተፈረመው። ዶጀርስ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ሰጠው። ሊጉ ለውጭ ታዳጊዎች ፊርማ የወሰነላቸው የ2025 በጀት ግን 5,146,200 ነበር፤ የጎደለውን ከሌሎች ክለቦች ገዝተው ሞሉ። ቃል የተገባላቸው ልጆች ደግሞ ሌላ ክለብ ሄደው ፈረሙ።
በጀቱ ጣሪያ አለው፤ ማለፍ አይቻልም። ክለብ ከሌላው መግዛት የሚችለውም እስከ 60 በመቶ ጭማሪ ብቻ ነው። ለአንዱ ሲሰፋ ከሌላው ይቀነሳል።

ፍትሕ ለሁሉም
እኔ አሁንም የምለው ጠበቃ ነው።

የልጁ አክስት
ይቅርታ፣ ስልክ ላይ ነበርኩ። ልደቱ ማርች 2009 ነው። ዲሴምበር ላይ ክለቡ ክርኑን ኤምአርአይ አንስቶታል፤ ውጤቱን ግን አልነገሩንም። ደግሞ ይሄንን መጻፍ አልፈለግኩም ነበር፤ እናቱ በዚህ ገንዘብ ተማምና ቤት ለመጨረስ ተበድራለች። ወለዱ በየወሩ ነው።

የቀድሞ ካቸር
እህቴ፣ የምርመራው ነገር ነው ዋናው። ክለቡ ዋጋ የቀነሰው በጀት አጥሮት ነው ወይስ ክርኑ ላይ ያየው ነገር አለ? ዛሬውኑ ጠይቁ። ቡስኮኑ ብቻ ሳይሆን እናትየው ራሷ ትጠይቅ። የምርመራውን ፎቶና ሪፖርት በእጃችሁ አስገቡ፤ ሌላ ክለብ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ክርኑ ከተጎዳ 80,000 መጥፎ ላይሆን ይችላል። ጤነኛ ከሆነ ግን ሌላ ጨዋታ ነው።

ማስገደድ አይቻልም፤ እሱን እርሱት። ግን ሁለት ምርጫ ብቻ ያላችሁ ያስመሰለው ክለቡ ነው። ልጁ አልፈረመም። ከ29ኙ ክለቦች ጋር መነጋገር ይችላል። ሐሙስ የመፈረሚያው ጊዜ ይከፈታል እንጂ አይዘጋም፤ እስከ ዲሴምበር 15 ድረስ ነው። ሐሙስና ዓርብ ብዙ ክለብ በሌላ ልጅ ይከዳል፣ ውል ይፈርሳል፣ ገንዘብ ይተርፋል። ያ ገንዘብ ለሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍም። በየቀኑ ስካውቶች ፊት ይቅረብ።

ቪዲዮም ላኩ። በሞባይል የተቀረጸ ይበቃል፤ ብቻ ሙዚቃና ቁርጥራጭ አይኑርበት። ኳሷን ከመሬት ሲያነሳት፣ ሲወረውራት፣ አንደኛ ቤዝ ላይ ስትያዝ ሳይቋረጥ ይታይ። ስካውቱ ሰዓት የሚይዘው ከዚያ ነው። የ60 ያርድ ሩጫውንም ከነሰዓቱ ጨምሩ። አሁን ያለበትን ይሁን፤ የ13 ዓመቱን ቪዲዮ ማንም አያይም።

ሦስተኛ ቤዝ
ካቸር ልክ ነው። «እንጠብቅ» ስለሚለው ልጨምር። በማርች 2009 የተወለደ ልጅ ለዚህ ዓመት በትክክል ይገባል፤ ሕጉ 16 ሞልቶት እስከ ሴፕቴምበር 1 ድረስ 17 የሚሞላውን ነው የሚለው። ቢጠብቅ በሚመጣው ጃንዋሪ 18 ሊሞላው ሁለት ወር ነው የሚቀረው። ክለብ የሚገዛው ልጁ ወደፊት የሚሆነውን ስለሆነ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። የሚመጣው ዓመት ገንዘብም ከወዲሁ ለሌሎች ልጆች ቃል ተገብቶበታል።
ቡስኮኑ ለምን ጠብቁ እንደሚል አስሉት። በ30 በመቶ ከ350,000 የሚደርሰው 105,000 ነው። ከ80,000 ደግሞ 24,000። ክፉ ሰው ነው አላልኩም፤ ለዓመታት ቀልቦታል። ግን ቢከስር የእሱ ኪሳራ በሌሎች ልጆች ይካካሳል፤ የናንተ ልጅ አንድ ነው።

የማይዋጥ እውነት
አሁን ሰው መናገር ጀመረ። ስለ ብድሩ ግን ማንም አላነሳም። ሌላ ሳንቲም አትበደሩ። «የወደፊት ገቢውን በመቶኛ አካፍለን፣ አሁን ገንዘብ እንስጣችሁ» የሚል ድርጅት ቢመጣ ደግሞ ወዲያ በሉት። የሜጀር ሊግ ኮከቡ ፈርናንዶ ታቲስ ጁኒየር በታዳጊነቱ እንዲህ ያለ ውል ፈርሞ፣ በ2025 ፍርድ ቤት ሄዷል። ሚሊየነሩ ካልቻለው እናንተ እንዴት ትችሉታላችሁ?
ቢፈርምም ገንዘቡ በማግስቱ አይገባም። ሊጉ ዕድሜና ማንነቱን እስኪያጣራ ወራት ሊወስድ ይችላል። ለአበዳሪው «ሐሙስ እከፍላለሁ» እንዳትል።

የድሮ ሰው
የማጣራቱ ምክንያት አለው። በ2006 ናሽናልስ ኤስማይሊን ጎንዛሌዝ የተባለ የ16 ዓመት ልጅ ብለው 1.4 ሚሊዮን ዶላር ሰጡ። በ2009 ስሙም ሌላ፣ ዕድሜውም በአራት ዓመት የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። የልደት ሰርተፊኬቱ፣ የትምህርት ቤት መዝገቡና የእናትየው መታወቂያ በአንድ ፊደል እንኳ እንዳይለያዩ ዛሬውኑ አመሳክሩ።

ግማሽ ተጫዋች
ጋሼ ይቅርታ፣ ይሄኛው ጠቃሚ ነው 🙏

ሰማያዊ ኮፍያ
80,000ውን ግን አትናቁት። በኋላ ትልቅ ኮከብ የሆነው ሮናልድ አኩኛ በ100,000 ነው የፈረመው። ሌላው ኮከብ ሆሴ አልቱቬ በ15,000፤ ያውም አጭር ነህ ተብሎ ከሙከራ ከተመለሰ በኋላ በማግስቱ ሄዶ።

የማይዋጥ እውነት
ስማቸውን የማናውቃቸው ደግሞ ስንት ናቸው? አብዛኛው ፈራሚ ሜጀር ሊግ አይደርስም። ስለዚህ በመጨረሻ 80,000ውን ከተቀበሉ ገንዘቡ ባይጨመር እንኳ የትምህርት ወጪ በውሉ ይግባ ብለው ይደራደሩ። ያኔ የጠየቅኩት ለዚህ ነበር።

የልጁ አክስት
እሺ። እናቱ ጠዋት ክለቡ ጋ ልትሄድ ነው፤ የምርመራውን ወረቀት ካልሰጡኝ አልወጣም ብላለች። ቡስኮኑ ሌላ ክለብ መደወላችንን ሰምቶ ተቆጥቷል። እመለሳለሁ።

ፍትሕ ለሁሉም
ጠበቃ ይዛ ትሂድ።

ሦስተኛ ቤዝ
እህት፣ ዛሬ ጃንዋሪ 24 ነው። ምን ደረሳችሁ?

ግራ እጅ
ሰላም። ጥያቄውን አሁን ነው ያየሁት። እኔ የማውቀው ልጅ ደግሞ ባኒ ከተማ ነው ያለው፣ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ነው፣ 19 ዓመቱ። ቡስኮኑ አለፈበት ብሎ ትቶታል። እውነት አልፎበታል?

የቀድሞ ካቸር
ለትልቅ ገንዘብ አዎ፣ ለመፈረም አላለፈበትም። በኋላ ሜጀር ሊግ የደረሰውን ፒቸር ፍራምበር ቫልዴዝን አስትሮስ ያስፈረመው በ2015፣ በ21 ዓመቱ፣ በ10,000 ዶላር ነው። 10,000ና ከዚያ በታች የሆነ ፊርማ ከክለቡ በጀት አይቆጠርም። ስለዚህ ፒቸር በዓመቱ መጨረሻም ይወስዳሉ። ፍጥነቱ ስንት ነው? የሚለካበት ራዳር ካለ ቁጥሩን ጻፍልኝ።