የማጠፊያ ስብራት፦ የአሠራር ጉድለት ወይስ የአያያዝ?

ጥያቄ፦ የላፕቶፑ ክዳን ሲከፈት የግራው ማጠፊያ ጥግ ተሰነጠቀ። አምራቹ «የተጠቃሚ ጥፋት ነው» ብሎ በዋራንቲ አልጠግንም አለ። ያው ሞዴል ብዙዎች ጋር እዚያው ቦታ ላይ ይሰበራል። በምን ማስረዳት ይቻላል?

መልስ፦ ስብራቱ ራሱ ይናገራል። ማጠፊያው የታሰረው ፕላስቲኩ ውስጥ በተቀበሩ ትንንሽ የናስ ዳዶዎች ላይ ነው። ማጠፊያው ከጠበቀ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ዳዶዎቹን ይስባቸዋል፤ ዙሪያቸው ያለው ፕላስቲክ ስስ ከሆነ ተነቅለው ይወጣሉ። ዳዶው ብሎኑ ላይ እንዳለ የፕላስቲክ ቀለበት ይዞ ከወጣ፣ በመጎተት የመጣ ስብራት ነው። ወድቆ ቢሆን ኖሮ የውጪው ጥግ ይጨፈለቅ ወይም ይቧጨር ነበር።

መልስ፦ ትክክል፤ ግን ከመፍታትዎ በፊት አራቱንም ጥግ በቅርብ ፎቶ ያንሱ። ማኅተም ያለበትን ብሎን አይንኩ። እምቢታውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይጠይቁ። እስከዚያ ክዳኑን ደጋግመው አይክፈቱ፣ ስክሪኑም ሊሰነጠቅ ይችላል።

መልስ፦ የሚያናድደው አምራቾች ጉድለቱን እያወቁ ዝም ማለታቸው ነው። ለምሳሌ ቁልፎቹ እየተጣበቁ ያስቸገሩት የአፕል ላፕቶፖች «ቢራቢሮ» ኪቦርድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ነፃ የጥገና ፕሮግራሙ የታወጀው ግን በ2018። በዚሁ ኪቦርድ ምክንያት አሜሪካ ውስጥ የቀረበው ክስም ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምን በ50 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። ተመሳሳይ ስብራት የደረሰባቸውን ፎቶና የሞዴል ቁጥር አሰባስበው አብረው ያመልክቱ።