አይ5 6500 ላይ አርቲኤክስ 3060 ብሰካ ፕሮሰሰሩ ያንቀዋል ወይ?

የፒያሳው 1080
ሰላም ለሁላችሁ። ማሽኔ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7040 ታወር ነው፦ ኮር አይ5 6500፣ አንድ ፍሬ 8 ጊጋ ዲዲአር4 ራም፣ ግራፊክስ ካርዱ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 4 ጊጋ። ሞኒተሩ 1080ፒ፣ 60 ኸርዝ። ካውንተር ስትራይክ 2 ላይ ፍሬሙ (በሰከንድ የሚሳለው ምስል ብዛት) ከ70 በላይ እያሳየ ጭስ ሲወረወርና ሰው ሲበዛ ይቆራረጣል። ጂቲኤ 5 ደግሞ ከናካቴው 45 አይሞላም። ያገለገለ አርቲኤክስ 3060 ተገኝቷል። አንዱ ባለሱቅ «ካርዱን ቀይርና ተገላገል» ይላል፣ አጠገቡ ያለው «ፕሮሰሰሩ ያንቀዋል፣ ብርህን አትጣል» ይላል። ኢንተርኔት ላይ ያለው የቦትልኔክ (አንዱ ክፍል ሌላውን ማነቁን የሚገምት) ማስሊያም የራሱን ፐርሰንት ይሰጣል። ታስክ ማናጀር ላይ ሳይ ፕሮሰሰሩ 85፣ ካርዱ 60 ፐርሰንት ገደማ ነው፤ ሁለቱም አልሞሉም። ታዲያ የያዘው የቱ ነው?

ፍሬም ቆጣሪ
ማስሊያውን እርሳው። የትኛውን ጌም በየትኛው ሴቲንግ እንደምትጫወት ሳይጠይቅ ፐርሰንት ማውጣት ጥንቆላ እንጂ ልኬት አይደለም።

እያንዳንዱ ፍሬም በሁለት እጅ ያልፋል። ፕሮሰሰሩ ማን የት እንደቆመ፣ ጥይቱ ማንን እንዳገኘ፣ ምን ምን መሳል እንዳለበት ወስኖ ትእዛዙን ይልካል፤ ካርዱ ይስላል። የለገሃርን ታክሲ ተራ አስብ። ተራ አስከባሪው በደቂቃ አንድ ሚኒባስ ብቻ የሚያስጭን ከሆነ፣ ከኋላ የተሰለፈው ሚኒባስ ምንም ያህል ቢበር በሰዓት ከ60 በላይ አይወጣም። ሚኒባስ ሲጠፋ ደግሞ ተራ አስከባሪው እጁን አጣጥፎ ይቆማል። ስለዚህ «ያንቃል ወይ» ከማለት «በዚህ ጌም ማን ማንን እየጠበቀ ነው» ብለህ ጠይቅ። መልሱ ከጌም ጌም ይለያያል።

የታስክ ማናጀሩ ቁጥር የአራቱ ኮሮች (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት የስራ ክፍሎች) አማካይ ነው። የጌሙ ዋና ስራ የሚሰራበት አንዱ ኮር ሞልቶ ሌሎቹ ግማሽ ላይ ቢሆኑ አማካዩ «ገና ቦታ አለ» ይልሃል፤ ጌሙ ግን ያንን አንዱን ኮር ይጠብቃል። ካርዱ ከ95 በታች መውረዱ የተሻለ ምልክት ነው፤ ስራ አጥቶ ቆሟል ማለት ነው፣ ፍሬሙን አንተ ካልገደብክበት በቀር።

እንዲህ ለካ። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለውን የመለኪያ ፕሮግራም ከሪቫ ቱነር ጋር ጫን። ስክሪን ላይ እንዲታዩ የምታደርገው፦ የካርዱ አጠቃቀም፣ የእያንዳንዱ ኮር አጠቃቀም (ጠቅላላው አይደለም)፣ የካርዱ ሜሞሪ፣ ራም፣ ፍሬም ታይም (አንዱ ፍሬም የሚወስደው ጊዜ)። ቪሲንክን (ፍሬሙን ከሞኒተሩ ጋር የሚያስተካክለውን) አጥፋ። ካውንተር ስትራይክ ላይ ኤፍኤስአርንም (ዝቅ ባለ ጥራት ስሎ የሚያሳድገውን) አጥፋው፣ አለዚያ ሳታውቀው ጥራቱን ስለሚያወርድ ልኬቱ ይበላሻል። ኮንሶሉ (የጌሙ የትእዛዝ መስኮት) ላይ ኤፍፒኤስ ማክስን 0 አድርግ፣ የፍሬም ገደቡ እንዲነሳ። አንድ ማፕ ላይ ከቦት ጋር ሶስት ደቂቃ ያህል ተጫወት፣ መጀመሪያ በ1920 በ1080፣ ቀጥሎ በ1280 በ720፣ ሌላ ምንም ሳትነካ። ጂቲኤ 5 (ሌጋሲ የሚባለው የድሮው ቅጂ) ላይ የግራፊክስ ሜኑ ውስጥ ታብ ስትጫን የራሱ መለኪያ ይነሳል፤ በሁለቱም ጥራት አስኪደው። ከዚያ ቁጥሩን እዚህ ጣል።

ሽቦና ዋት
እሱ እስኪለካ ድረስ ስለ 3060ው አንድ ነገር ልበል። ማነቁ ቀርቶ መነሳቱም ያጠራጥራል።

የዚህ ታወር ፓወር ሰፕላይ 240 ዋት ነው፣ ለካርድ የሚሆን መሰኪያ የለውም። 3060 ብቻውን 170 ዋት ይፈልጋል፣ ብዙዎቹም 8 ፒን አላቸው። ከማዘርቦርዱ ስሎት የሚገኘው 75 ዋት ብቻ ነው። ገበያ ላይ «ከሳታ ወደ 8 ፒን» የሚባል አዳፕተር ይሰጡሃል፤ አትቀበል። የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት መስመሩ 4.5 አምፒር፣ ማለትም 54 ዋት እንዲሸከም ነው የተሰራው፤ 8 ፒን ደግሞ እስከ 150 ሊስብ ይችላል። መጀመሪያ ፕላስቲኩ ቡናማ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይቀልጣል።

ፓወሩን መቀየርም እንደተራ ኬዝ ቀላል አይደለም። የዴሉ ማዘርቦርድ የተለመደውን 24 ፒን አይቀበልም፣ ማቀያየሪያ ገመድ ያስፈልጋል። በሞዴል ስም ብቻ ተማምነህ አትግዛ፤ ሽፋኑን ከፍተህ ፒኖቹን ቆጥረህ፣ ፎቶ አንስተህ ሂድ። ካርዱም በርዝመት ላይገባ ስለሚችል ከኋላው ቀዳዳ እስከ ሃርድ ዲስኩ ማስቀመጫ ድረስ በሜትር ለካ።

ያለ መሰኪያ የሚሰራ ከተፈለገ ጂቲኤክስ 1650 (ተጨማሪ ፒን የሌለው አይነት) ወይም አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋው አለ፣ ሁለተኛው 70 ዋት ነው። ባለ 8 ጊጋው 3050 ግን 130 ዋት ነው፤ በስም ተመሳሳይ ናቸው፣ ሱቅ ውስጥ በቀላሉ ይምታታሉ። አርኤክስ 6500 ኤክስቲን ለዚህ ማሽን አልመክርም። ፒኑን ብንተወው እንኳ ፒሲአይ ኤክስፕረስ (ካርዱን ከቦርዱ የሚያገናኘው መንገድ) 4 ላይ በአራት ሌን (መስመር) ብቻ እንዲሰራ ነው የተሰራው፣ ያንተ ቦርድ ደግሞ 3 ነው፤ 4 ጊጋው ሲሞላ በዚያች ጠባብ መንገድ ራም ለመበደር ሲል ይንገታገታል።

የፒያሳው 1080
አመሰግናለሁ፣ 3060ው ቀረ። ልኬቱ ይኸው።
ካውንተር ስትራይክ 2፦ በ1080 አማካይ 78፣ ካርዱ 61 ፐርሰንት። በ720 አማካይ 80፣ ካርዱ 38። አራቱም ኮሮች ጭስ ሲኖር ከ97 እስከ 100። ራሙ 7.4 ጊጋ ተይዟል።
ጂቲኤ 5፦ በ1080፣ ኤምኤስኤኤ (የጠርዝ ማለስለሻ) 4፣ ሳሩ ቬሪ ሃይ ላይ 41፣ ካርዱ 98። በ720 ደግሞ 72።

ፍሬም ቆጣሪ
ጥሩ ልኬት ነው። ፍሬሙን ወደ ሚሊሰከንድ ቀይረው፣ 1000ን ለፍሬሙ አካፍል።

ካውንተር ስትራይክ፦ 78 ማለት 12.8፣ 80 ማለት 12.5። የሚሳለውን ፒክሰል ከግማሽ በላይ ቀንሰህለት የተገኘው 0.3 ሚሊሰከንድ ነው። 12.5ቱ የፕሮሰሰሩና የራሙ ሂሳብ ነው። 3060 ብትሰካበትም ይኸው 80 ነበር የሚጠብቅህ፣ ካርዱ ብቻ የበለጠ ያንቀላፋ ነበር።

ጂቲኤ፦ 41 ማለት 24.4፣ 72 ማለት 13.9። እዚህ ፕሮሰሰሩ ቢያንስ 72 ፍሬም ማቅረብ እየቻለ ካርዱን እየጠበቀ ነው። ሞኒተርህ ከ60 በላይ ስለማያሳይ የሚያስፈልግህ 16.7 ነው። ካርድ ሳትገዛ ኤምኤስኤኤን አጥፋና በኤፍኤክስኤኤ (ቀለል ባለው ማለስለሻ) ተካው፣ ሳሩን ወደ ሃይ ወይም ኖርማል አውርድ። ሁለቱ ናቸው ካርዱን የሚበሉት። ቴክስቸሩን 4 ጊጋው እስኪሞላ ድረስ አትንካው። የሰው ብዛቱንና ኤክስቴንድድ ዲስታንስ ስኬሊንግን (ሩቅ ያለውን በዝርዝር የሚያሳየውን) ግን አታሳድግ፣ እነሱ የፕሮሰሰሩ ሸክም ናቸው።

መቆራረጡ የመጣው ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ ራሙ። 8 ጊጋ ከዊንዶውስ ጋር ለዚህ ጌም አፍ እስከ ገደፉ ነው፤ ሲሞላ ወደ ዲስክ ይገለብጣል፣ ያኔ ስክሪኑ ቀጥ ይላል። በዚያ ላይ አንድ ፍሬ ራም በአንድ ቻናል (መተላለፊያ) ነው የሚሰራው፤ በ2133 ፍጥነት በሰከንድ 17 ጊጋባይት ገደማ ነው፣ ሁለት ፍሬ ሲሆን 34። ስለዚህ ሌላ 8 ጊጋ ዲዲአር4 የዴስክቶፕ ራም ግዛ፣ የላፕቶፑ አይገባም። 3200 የተጻፈበትን በውድ አትግዛ፣ ይህ ፕሮሰሰር 2133 ላይ ነው የሚያሰራው። ከሰካህ በኋላ ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ፕሮግራም ከፍተህ ሜሞሪ የሚለው ገጽ ላይ ዱዋል (ሁለት ቻናል) ማለቱን እይ። ሲንግል ካለ ስሎቱን ቀይር።

ሁለተኛው አራቱ ኮሮች ናቸው። 6500 አራት ኮር፣ አራት ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚሄዱ ስራዎች) ነው። ጌሙ፣ የካርዱ ድራይቨር፣ ዲስኮርድና ብራውዘሩ እነዚያኑ አራት በር ይጋፋሉ። ኮር አይ7 6700 እዚያው ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ) ላይ ይገባል፦ አራት ኮር፣ ስምንት ትሬድ፣ እስከ 4 ጊጋኸርዝ (ያንተ 3.6 ነው)፣ ያው 65 ዋት። አማካዩ እጥፍ አይሆንም፣ የሚድነው መቆራረጡ ነው። ግን ራሙን አስቀድም፤ ለብቻው ሊበቃ ይችላል።

አራት ኪሎ 12
የ6700ን ነገር አልስማማም። ዊንዶውስ 11 የኢንቴል 8ኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ ያለውን ነው የሚቀበለው፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። በሞተ ሶኬት ላይ ብር ከማፍሰስ ራሙን ብቻ ጨምሮ መቆየት፣ ከዚያ ሳጥኑን እንዳለ ሸጦ ወደ አይ5 10400 (6 ኮር፣ 12 ትሬድ) ወይም አይ3 12100 መሸጋገር ይሻላል። ተራ ኬዝና ተራ ፓወር ያለው ይሁን፣ ያኔ 3060ውም ያለ አዳፕተር ይገባል።

ፍሬም ቆጣሪ
ዋጋው ከተቀራረበ ልክ ነህ። 6700ው ከጠቅላላ ማሽኑ ዋጋ ሩቡን ካለፈ እኔም አልገዛውም።

ሽቦና ዋት
የሚቀይረው ከሆነ ግን ጥቂት ላክልበት። ኤሌክትሪኩን ነቅለህ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጫን፣ የቀረው ቻርጅ ይውጣ። ፋኑን አራቱን ብሎን በሰያፍ እያፈራረቅህ ፍታ። ፒኖቹ ያሉት ሶኬቱ ላይ እንጂ ፕሮሰሰሩ ላይ አይደለም፤ አንዷ ከታጠፈች ቦርዱ ሄደ፣ ስለዚህ በጣት አትንካቸው። ወርቃማዋን ሶስት ማዕዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር አጋጥም። የድሮውን ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) በአልኮል ጥረግ፣ አዲሱን ግማሽ ሽንብራ የሚያህል መሃል ላይ።

ፋኑንም አራግፈው። አዲስ አበባ ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባህር ዳርቻ ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፣ ያው ፋን በዚያው ዙር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ያዘገያል፣ ያኔ ሰው «ካርዱ ደከመ» ይላል። ፕሮሰሰሩ ጌም ላይ ከ85 ዲግሪ ካለፈ መጀመሪያ ጽዳት።

የፒያሳው 1080
ኤምኤስኤኤ አጥፍቼ ሳሩን ኖርማል አደረግኩት፤ ጂቲኤ 66 ገባ። ራሙን ነገ እገዛለሁ። ፍሬሙን 60 ላይ ልገድበው ወይስ ልተወው?

ፍሬም ቆጣሪ
ጂቲኤን ሪቫ ቱነር ላይ 60 አድርገው፤ ከ66 ወደ 58 ከሚዋዥቅ 60 ላይ የረጋ ለአይን ይለሰልሳል። ካውንተር ስትራይክን አትገድበው፣ እዚያ የማውሱ ምላሽ ይበልጣል። ከራሙ በኋላ በዚያው ማፕ፣ በዚያው ሶስት ደቂቃ ለካና አማካዩን ሳይሆን የፍሬም ታይሙን መስመር እይ፤ ጭሱ ሲወረወር ሾል ብሎ የሚወጣው ጫፍ ካጠረ 6700ውን ተወው።