ቅዳሜ ጠዋት ከርሊንግ፣ ከሰዓት ሰርግ፦ ጸጉሬን ምን ላድርገው?

አዲስ ገቢ (ካልጋሪ)
ሰላም ለሁላችሁ። ስራ ላይ ገና የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም። አለቃችን ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንንም ከርሊንግ ሊያጫውተን ነው። ያ በረዶ ላይ ድንጋይ እያንሸራተቱ ፊት ፊቱን የሚጠርጉበት ጨዋታ። የዚያኑ ቀን ከሰዓት የአክስቴ ልጅ ታገባለች፤ ሚዜዋ ነኝ። አርብ ማታ ከርል ልሰራ ቀጠሮ ይዣለሁ። ግን ሄልሜት አድርጉ ተብለናል። ከርሉ ምን ሊሆን ነው? እንዳልቀር ደግሞ ስራዬን ፈራሁ። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ የውበት ሳሎን ልትከፍት ነው፤ ከርል መስሪያ ካልላክሽልኝ ብላ ወጥራ ይዛኛለች። እስቲ ምከሩኝ።

ጠበቃ አይደለሁም (ኤድመንተን)
እህቴ፣ በአልበርታ ህግ በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ውስጥ አሰሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብትሽ ይችላል። ስለዚህ በዘዴ ነው። ግዴታ ነው ወይስ በፈቃድ ብለሽ በኢሜይል ጠይቂ። ግዴታ ከሆነ ሰዓቱ ይከፈልበታል ወይ ብለሽ ጨምሪበት። በጽሑፍ ይሁን።

የከረመ (ዊኒፔግ)
ልጄ፣ ምንም ኢሜይል አትጻፊ። ዝም ብለሽ ሂጂ። ከርሊንግ እዚህ አገር ሰው የሚተዋወቅበት ነው።
ድንጋዩ 20 ኪሎ ገደማ ነው፤ ግን አታነሺውም፣ ታንሸራትቺዋለሽ። ግራናይት ነው። የኦሎምፒኩ ድንጋይ አይልሳ ክሬግ ከምትባል ትንሽ የስኮትላንድ ደሴት ነው የሚወጣው። በረዶው ልሙጥ እንዳይመስልሽ። የውሃ ጠብታ ይረጩበትና ሽፍ ያለበት ቆዳ ይመስላል፤ ድንጋዩ የሚሄደው በዚያ ላይ ነው። ስለዚህ በውጭ ጫማሽ እንዳትገቢበት፤ ጨውና አሸዋ ያበላሸዋል። ንጹህ ስኒከር በቦርሳ ያዢ። ጂንስ አታድርጊ፤ ቁጢጥ ማለት ስላለ የሚለጠጥ ሱሪ ይሻላል። ቀኝ እጅሽን የምትጠቀሚ ከሆነ ግራ እግርሽ ስር የሚያንሸራትት ሶል ይሰጡሻል። በረዶው ላይ ስትገቢ በሌላው፣ ጎማ ባለው እግር ጀምሪ። አብዛኛው ጀማሪ የሚወድቀው እዚያች ጋ ነው።
ድንጋዩን በክንድሽ አትግፊው። ጉልበቱ የሚመጣው ከኋላ ከሚገፋው እግር ነው። ስትለቂው እጀታውን ቀስ አድርገሽ አዙሪ፤ በሰዓት አቅጣጫ ከዞረ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። የሚጠርጉት በረዶውን ለማጽዳት ብቻ አይደለም። ፍትጊያው በረዶውን ትንሽ ያሞቀውና ድንጋዩ ራቅ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጀማሪ ስለሆንሽ መጥረጊያ ማስያዛቸው አይቀርም፤ ላብ በላብ ትሆኛለሽ። በመጀመሪያም በመጨረሻም ተጨባበጡ። ሲያልቅ ያሸነፈው የተሸነፈውን መጠጥ ይጋብዛል። ሰርግ አለብኝ ብለሽ ከዚያ በፊት እንዳትሮጪ፤ ዋናው እሱ ነው። የእኛ ከተማዋ ጄኒፈር ጆንስ እ.ኤ.አ. በ2014 ሶቺ ኦሎምፒክ ላይ አንድም ጨዋታ ሳትሸነፍ ወርቅ ወስዳለች። ስሟን ብቻ ጣል ብታደርጊ ወዳጅ ታፈሪያለሽ።

ጸጉር ሰሪዋ (ቶሮንቶ)
ጋሼ፣ ችግሩ ላብ ያሉት ላይ ነው። ሄልሜት ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። በካውያ የተሰራ ከርል ስሩን ላብ ከነካው አለቀለት።
እህቴ፣ የአርቡን ቀጠሮ ሰርዢው። አርብ ማታ ቤትሽ ታጠቢ። ውሃው መንጠባጠቡን ሲተው ፎም ቀቢና ሁለት ሁለቱን እየያዝሽ ጠምዝዢው፤ ጭንቅላትሽ ላይ ልጥፍ ብሎ ይተኛ። ጫፍ ጫፉን በቀጫጭን ቢጎዲን ጠቅልይ። ጠዋት ቢጎዲኑን አውጪ፣ ጫፉን ማጅራትሽ ላይ ሰብስቢ፣ ሳቲን ሻሽ እሰሪበት። ሄልሜቱ ከሻሹ በላይ ይውላል። ከጨዋታው ስትመለሺ ካስክ (ጭንቅላት ላይ የሚደፋው ጸጉር ማድረቂያ) ካለ ትንሽ ቁጭ በይበት። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ግን እንዳትፈቺው! ውስጡ እርጥብ ከሆነ ተንጨባሮ ነው የሚቀረው። ስትፈቺ ጣትሽን ዘይት አስነክተሽ ከጫፉ ጀምሪ፤ ማበጠሪያ አታስጠጊ። ካውያ የግድ ካማረሽ ፊትሽ ላይ የሚወርደውን ሁለት ዘለላ ብቻ። ቅቤ ተቀብተሽ ካውያ እንዳትነኪ ደግሞ፤ ጸጉርሽን መጥበስ ነው።
መጥረጊያውን ለሌላ ሰው ስጪ።

የከረመ (ዊኒፔግ)
ሳይጠረግ ከርሊንግ የለም።

ጸጉር ሰሪዋ (ቶሮንቶ)
ሚዜዋ እርስዎ አይደሉም ጋሼ።

የድሬ ልጅ (ሲያትል)
እናንተ ስለ ካስክ ስታወሩ እኔ ጥር ትዝ አለኝ። እህቶቼ ለሰርግ ሳሎን ሲሄዱ ቦርሳ ያዥ እኔ ነበርኩ። ሴቶቹ ካስክ ስር ተደርድረው፣ ጆሯቸው ስለማይሰማ እየጮሁ ነው የሚያወሩት። የሰፈሩን ሚስጥር ሁሉ እዚያ ሰማሁ። እዚህ ጥር ሰርግ ስሄድ ለመኪና ማቆሚያ ስከፍል ነው የምውለው።

ኤሌክትሪሻኑ (ደንቨር)
ስለ ከርል መስሪያው ማንም አልመለሰላትም። እህቴ፣ እዚህ ግድግዳው 120 ቮልት ነው፣ አዲስ አበባ 220። ለ120 ብቻ የተሰራውን እዚያ ከሰካችው ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስባል። ይቃጠላል፣ ምናልባትም ከደንበኛዋ ጸጉር ጋር። እጀታው ወይም ገመዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። 100-240 ቮልት ካለ ላኪው። ከሌለ ተይው።

ጠበቃ አይደለሁም (ኤድመንተን)
ምን አለፋሽ? ብሩን ላኪላትና መርካቶ ትግዛ። እዚያ ያለው በ220 ነው የሚሰራው፤ ሲበላሽም ጠጋኝ አለው።

የድሬ ልጅ (ሲያትል)
ብር ከላክሽ ሳሎኑ አይከፈትም። ኪራይ ይበላዋል፣ የልጅ ትምህርት ቤት ይበላዋል። እቃ ከላክሽ ግን እቃ ነው።

ጠበቃ አይደለሁም (ኤድመንተን)
የሰው እህት በምን አወቅህ? ልጅ ማስተማርስ መባከን ነው እንዴ?

የድሬ ልጅ (ሲያትል)
ባከነ አልወጣኝም። ስልኬ ሲጮህ ገና ሳላነሳው ስንት እንደሆነ የማስብ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ አውቀዋለሁ።

ጸጉር ሰሪዋ (ቶሮንቶ)
ሁለታችሁም ተዉት። ለጀማሪ ሳሎን ከካውያ ይልቅ ካስክና ቢጎዲን ነው ገንዘብ የሚያመጣው። እሱ ደግሞ እዚያው ይገኛል።

ኤሌክትሪሻኑ (ደንቨር)
ከላክሽም በባንክ ላኪ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ሆኗል፤ በእጅ አዙር መላክ የሚያዋጣበት ጊዜ አልፏል።

የድሬ ልጅ (ሲያትል)
የቱ ጋ ነው ያለፈው? ጥቁር ገበያው ዛሬም አለ። ልዩነቱን ለእናቴ አስረዳልኝ።

ኤሌክትሪሻኑ (ደንቨር)
በእጅ የሰጠኸው ሰው ስልኩን ሲዘጋ ማንን ትከሳለህ?

አዲስ ገቢ (ካልጋሪ)
እህቴ ኪራዩን ከፍላለች፣ ወንበርም ገዝታለች። እባካችሁ በእሷ አትጣሉ። 100-240 የሚል ከርል መስሪያ አግኝቻለሁ። አርብ ማታ እንዳላችሁኝ እጠመዝዘዋለሁ። የላቡን ነገር ግን ጋሼና እህቴ ተስማሙልኝ። ልጥረግ ወይስ አልጥረግ?

የከረመ (ዊኒፔግ)
ጥረጊ።

ጸጉር ሰሪዋ (ቶሮንቶ)
እንዳትጠርጊ።

ዝምተኛዋ (ኦታዋ)
ይቅርታ፣ ጨዋታችሁን አላቋርጥም። ወደ አዲስ የሚሄድ ሰው አለ? የእናቴን መነጽር የሚያደርስልኝ ፈልጌ ነው። ቮልት የለውም።